ፕሬስቢላሪንክስ፦ የማንቁርት እርጅና

ዕድሜ ሲገፋ በማንቁርት ላይ የሚመጣውን ለውጥ ሐኪሞች ፕሬስቢላሪንክስ ይሉታል። «ፕሬስቢስ» በግሪክኛ ሽማግሌ ነውና «የማንቁርት እርጅና» የሚለው አማርኛ ይበቃዋል።

ስንናገር በማንቁርት ውስጥ ያሉት ሁለቱ የድምፅ አውታሮች ይጋጠሙና ከሳንባ በሚወጣው አየር ይርገበገባሉ፤ የወንድ በሰከንድ ከ100 ጊዜ በላይ፣ የሴት ወደ 200 ጊዜ። ጃፓናዊው ሐኪም ሚኖሩ ሂራኖ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳስረዱት፣ አውታሩ ከውስጥ ጡንቻ፣ ከላይ ልል ሽፋን ነው። ሽፋኑን እርጥብና ተጣጣፊ የሚያደርገው ውኃ የሚይዘው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። በእርጅና ጡንቻው ይሳሳል፤ ሽፋኑ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ይበዛበትና ይደድራል። አውታሮቹ መሃላቸው ስለሚጎብጥ በደንብ አይገጥሙም፤ አየር ያመልጣል፣ ድምፅ ይሰልላል። የወንዶች ድምፅ ሲቀጥን፣ የሴቶች ከማረጥ በኋላ ይወፍራል።

ለዚህ ለውጥ አንዱ ተጠርጣሪ ኦክሲዴሽን ነው፤ ብረት የሚዝግበት ኬሚስትሪ ማለት ነው። የሴል የኃይል ማመንጫ የሆኑት ማይቶኮንድሪያዎች በኦክስጅን ሲሠሩ ነፃ ራዲካሎች ያፈተልካሉ። እነዚህ ጥንዱ የጎደለ ኤሌክትሮን ይዘው ስለሚዞሩ ከስብ፣ ከፕሮቲንና ከዲኤንኤ ይነጥቃሉ። ሰውነት ራዲካሎቹን የሚያከሽፉ ኢንዛይሞች አሉት፤ ነጠቃው ከመከላከያው ሲበልጥ ግን ጉዳቱ ይከማቻል። ሳይንቲስቱ ዴንሃም ሃርማን እርጅናን በጠቅላላ በዚህ ለማስረዳት የሞከሩት እ.ኤ.አ. በ1956 ነበር።

ማንቁርት ለዚህ የተጋለጠ ይመስለኛል። ጡንቻው ለንግግር ብቻ ሳይሆን ለትንፋሽ፣ ለመዋጥና ለሳል ይሠራል፤ ማይቶኮንድሪያውም ብዙ ነው። በሰው የማንቁርት ጡንቻ ውስጥም የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ጉድለት ተገኝቷል። ነፃ ራዲካሎች ሃያሉሮኒክ አሲድን እንደሚቆራርጡም በቤተ ሙከራ ታይቷል። የሲጋራና የማገዶ ጭስ ደግሞ ራዲካሎችን ከውጭ ያመጣል፤ መንገዱም በአውታሮቹ መሃል ነው።

ይህ ሁሉ ኦክሲዴሽን ብቻውን ድምፅ ያስረጃል ማለት አይደለም። የነርቭ መድከም፣ የሆርሞን ለውጥና የሳንባ ጉልበት መቀነስም አሉበት። ስለዚህ «አንቲኦክሲዳንት» (ኦክሲዴሽን ተከላካይ) ተብሎ የሚሸጥ ክኒን ድምፅ ይመልሳል ብሎ መግዛት አይመከርም። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ ቤታ ካሮቲን የተባለውን አንቲኦክሲዳንት የወሰዱት ዘንድ የሳንባ ካንሰር ጨምሮ ተገኝቷል።

የሚረዳው በባለሙያ የሚመራ የድምፅ ልምምድ ነው፤ ክፍተቱ ከሰፋ አውታሩን የሚሞላ መርፌ ይሰጣል። ከአራት ሳምንት ያለፈ የድምፅ መጎርነን ግን፣ በተለይ የሚያጨስ ሰው ከሆነ፣ «እርጅና ነው» ከመባሉ በፊት በአንገት በላይ ሐኪም መታየት አለበት፤ የማንቁርት ካንሰርም የሚጀምረው እንዲሁ ነው።