ምስክር፦ የቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤ ቤት እና የዜማ አጠባበቅ ታሪክ



የዛሬውን ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በጎጃም፣ በወሎ ወይም በሸዋ ባለ ጉባኤ ቤት ለዓመታት ተቀምጦ ድጓን ከዳር እስከ ዳር የተማረ ሰው፣ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ እንደገና ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚጓዘው ስለ ምንድን ነው? መጽሐፉ በእጁ ነው፤ ዜማው በቃሉ ነው፤ መምህሩም አስተምረው አሰናብተውታል። ይሁን እንጂ ቤተ ልሔም ደርሶ ካላስመሰከረ በቀር፣ በሊቃውንቱ ዘንድ የድጓ መምህር ለመባል አንድ ነገር ይጎድለዋል።

ይህ የጎደለው ነገር ምን እንደሆነ መረዳት የኢትዮጵያን የዜማ ታሪክ መረዳት ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ጽሑፍ ስናይ እውቀቱ በጽሑፉ ውስጥ የተቀመጠ ይመስለናል። ቤተ ልሔም የሚያስተምረን ግን ጽሑፉ ያለ ሰው ምስክርነት ዜማውን ሊያቆይ እንደማይችል፣ ምስክርነቱም ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ነው።

በቤተ ክርስቲያኒቱ የትምህርት ሥርዓት እያንዳንዱ ሙያ የሚመሰከርበት ቦታ አለው። ለዝማሬና ለመዋሥዕት ዙር አምባ፣ ለአቋቋም ጎንደር በአታ፣ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፣ ለድጓ ደግሞ ቤተ ልሔም ይጠቀሳሉ። የቤተ ልሔም አገር ጋይንት ከስማዳና ከእስቴ ጋር በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኝ፣ ደጋው ብርዳም፣ ቆላው ገደላማ፣ ዝናብ ሲዘገይ ችግር የሚጸናበት ምድር ነው። ቤተ ክርስቲያኑን በ1955 (በዚህ ንግግር ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጎበኘው እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ፓከንሃም፣ ከውጭ ሲታይ ክብ የሣር ክዳን ካለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን የማይለይ ሕንፃ በውስጡ አራት ማዕዘን የሆነ የመካከለኛው ዘመን ቤተ መቅደስ ይዞ እንዳገኘ በ1959 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ገልጿል። ለውጭው ዓለም አዲስ ነገር የሆነው ይህ ቦታ ለድጓ ተማሪዎች ግን ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነበረ።

በቅድሚያ ስለሚጠበቀው ነገር ጥቂት ልበል። ትውፊቱ የዜማውን መሠረት በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም ለነበረው ለቅዱስ ያሬድ ይሰጣል። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ሲሸሽ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግሞ ሲወድቅና በመጨረሻው ሲሳካለት አይቶ ወደ መምህሩ እንደተመለሰ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ለያሬድ የሚሰጡት መጻሕፍት አምስት ናቸው፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬ እና መዋሥዕት። ዜማውም ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉ በሦስት ስልቶች ይዜማል። ድጓው ራሱ ዓመቱን በሙሉ የሚከተል ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ዮሐንስ፣ ከታኅሣሥ እስከ ዐቢይ ጾም ያለው አስተምህሮ፣ ከትንሣኤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያለው ፋሲካ ይባላል፤ የዐቢይ ጾሙ በጾመ ድጓ ይሸፈናል። ስለዚህ ድጓ ተማርሁ ማለት የአንድን ዓመት በዓላትና ሰንበታት ሁሉ በዜማ ተሸከምሁ ማለት ነው።

የታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ወደ እኛ የደረሱት የድጓ ብራናዎች ያሬድ ከኖረበት ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የሚዘገዩ ናቸው። ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፊት የተጻፉትም ቃሉን ብቻ የያዙ ናቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ የምናየው የዜማ ምልክት በኋላ የተጨመረ ነው። ይህ ማለት ዜማው ለረጅም ዘመን ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ሲተላለፍ ኖሯል ማለት ነው።

ታዲያ ምልክት ለምን አስፈለገ? ከ1529 እስከ 1543 በተካሄደው የኢማም አሕመድ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍት ጠፉ፤ መጻሕፍቱን በቃላቸው የያዙ ሊቃውንትም አለቁ። በቃል የሚኖር እውቀት ከባለቤቱ ጋር የሚሞት በመሆኑ፣ ከጥፋቱ የተረፈው ትውልድ ሥጋት ቢገባው አያስደንቅም። ከዚህ በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559) በተድባበ ማርያም የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የድጓን ምልክት ሥርዓት እንዳበጁ ይነገራል።

ይህ ምልክት እንዴት እንደሚሠራ ልብ በሉ፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። ምልክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ቁርጥ፣ ሂደት እየተባለ የሚጠራው የመስመርና የነጥብ ምልክት ሲሆን ድምፁ የሚያዝበትን፣ ከደረት የሚወጣበትን፣ የሚንከባለልበትን፣ የሚወድቅበትን፣ የሚቆረጥበትን ያመለክታል። ሁለተኛው ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚጻፍ ፊደል ነው፤ ቁጥሩም በመቶዎች የሚቆጠር ነው። እነዚህ ፊደላት ከታወቀ የዜማ ሐረግ የተወሰዱ ምሕጻረ ቃላት ናቸው። ትርጓሜያቸውም «ይህን ቃል ያ ሐረግ በሚዜምበት ዜማ አዚመው» የሚል ነው። እንግዲህ ያን ሐረግ ቀድሞ ያልሰማ ሰው ምልክቱን ቢያነብበው እንኳ ሊያዜመው አይችልም። ምልክቱ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ ነው፤ ለማያውቅ ሰው ግን ዝም ያለ ፊደል ነው።

ከአውሮፓ ጋር ብናነጻጽረው ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአሬዞው ጊዶ የተባለ ኢጣሊያዊ መነኩሴ ዜማን በመስመሮች ላይ የመጻፍን ዘዴ ሲያስፋፋ፣ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ዘማሪው ሰምቶት የማያውቀውን ዜማ ያለ መምህር ከመጽሐፍ አይቶ እንዲያዜም ማስቻል ነበር። የጌራና የራጉኤል ምልክት ይህን አልፈለገም። ብራናው መምህሩን እንዲረዳ እንጂ ቦታውን እንዲወስድ አልታሰበም። በመሆኑም ምልክቱ ከተበጀ በኋላም ዜማው በሰው ላይ መመሥረቱን ቀጠለ። ሰው ደግሞ ይሳሳታል፤ ይረሳል፤ እንደ አገሩ ልማድ ይለውጣል። ስሕተትን የሚያርም፣ ልዩነትን የሚዳኝ አንድ ጉባኤ የግድ አስፈለገ። የቤተ ልሔም ታላቅነት ከዚህ ፍላጎት የመነጨ ይመስለኛል።

የተማሪውን ጉዞ እንመልከት። ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ አጥንቶ፣ ዳዊት ደግሞ ወደ ዜማ ይገባል። ጾመ ድጓንና ምዕራፍን አልፎ ወደ ድጓ ይዘልቃል። መጀመሪያ የሚማረው ቁም ዜማውን ነው፤ መቋሚያው፣ ከበሮውና ጸናጽሉ ያሉበት ዝማሜና ወረብ የአቋቋም ቤት ድርሻ ነው። የኔታ ያሰማሉ፤ ተማሪው ይቀበላል፤ ከዚያም ጎጆው ገብቶ ሌሊቱን ሲደጋግም ያድራል። በማግስቱ ለመምህሩ ያሰማል፤ ከሳተ ይመለሳል። ከዚህም ጋር ድጓውን በእጁ ይጽፋል። ቃሉን ከነምልክቱ እየገለበጠ የራሱን መጽሐፍ ያዘጋጃል። ለማስመስከር ሲቀርብም ሁለት ነገር ይመረመራል፤ ድምፁና መጽሐፉ። በመምህሩና በጉባኤው ፊት ያዜማል፤ የጻፈው ድጓ ከቤተ ልሔም ድጓ ጋር እየተያየ ምልክቱ አንድ በአንድ ይታረማል። የታረመውን ድጓ ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ ያ መጽሐፍ ለእርሱ ተማሪዎች የእርማት መሠረት ይሆናል።

እንግዲህ «አስመሰከረ» የሚለው ቃል በዘልማድ «ተመረቀ» ከምንለው የጠለቀ ነው። ምስክር የሚያስፈልገው ክርክር ሊነሣበት በሚችል ነገር ላይ ነው። ተማሪው «ዜማው እንዲህ ነው» ይላል፤ ጉባኤው «አዎ፣ እኛም ከመምህሮቻችን የሰማነው እንዲሁ ነው» ብሎ ይመሰክርለታል። የሚሰጠው ማረጋገጫ ለሰውየው ብቻ ሳይሆን ለዜማውም ጭምር ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ ያስከፈለውንም ዋጋ መናገር ይገባናል። ድጓ በአንድ ወገን ብቻ አልተዜመም። ከቤተ ልሔም ሌላ ስሙ የእስቴውን የቆማ ፋሲለደስን ደብር የሚያስታውስ የቆማ ዜማ አለ፤ የአጫብርም ዜማ አለ። እነዚህ የራሳቸው ሊቃውንትና የራሳቸው ጣዕም ያላቸው ሥርዓቶች ናቸው። ነገር ግን የማስመስከሪያው ሥልጣን በቤተ ልሔም ሲጸና የቤተ ልሔም ዜማ በአብዛኛው አገር ገዢ ሆነ፤ የቀሩትም ወደ ጥቂት አጥቢያዎች ተሰበሰቡ። ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ በ1990ዎቹ በሦስት ቅጽ ባሳተሙት የዜማ ጥናት ይህን የቤተ ልሔምን የበላይነት መዝግበዋል። ምልክቱም በአንድ ዘመን ተበጅቶ እንዳለ የቀረ ሳይሆን በየመቶ ዓመቱ እየበዛና እየረቀቀ የመጣ መሆኑን የብራናዎች ንጽጽር ያሳያል። ስለዚህ ሁለት የተለመዱ አነጋገሮችን እንድንተው እመክራለሁ። ዜማው ከያሬድ ጀምሮ ቅንጣት ሳይለወጥ ደርሷል ማለት ብራናው የማይደግፈው ነው። የቃል ትውፊት ነውና እንደ ነፋስ ሲለዋወጥ ኖሯል ማለትም የእነዚያን አራሚዎች ድካም ከንቱ ማድረግ ነው። እውነቱ በመካከል ነው፤ ዜማው ሲያድግ እየተዳኘ አድጓል።

ሌላው ዋጋ የእንጀራ ነው። አንድን ወጣት ለዓመታት በመምህር እግር ሥር ማስቀመጥ ቀለብ ይፈልጋል። ይህን ቀለብ ማን ሰጠ? ነገሥታትና መኳንንት ለአድባራት ርስትና ጉልት መስጠታቸው የታወቀ ነው፤ ተማሪውን በየዕለቱ የመገበው ግን በአብዛኛው የአካባቢው ገበሬ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል በየደጁ የሚቆመውን ልጅ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ እናቶች ከልጆቻቸው ጉርሻ ቀንሰው አብልተውታል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ቤተ ክርስቲያኒቱ የመሬት ገቢዋን አጣች፤ የቁራሹ መንገድ ግን አልተዘጋም። ጉባኤ ቤቶች ከአዋጁ በኋላ መቆየታቸውን ስናስብ የእነዚህን ስማቸው ያልተጻፈ ሰዎች ድርሻ ልንዘነጋ አይገባም።

ይህ ነገር ለሌላው ዓለም እንግዳ አይደለም። ዛሬ የሙዚቃ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚጠራበት «ኮንሰርቫቶሪ» የሚለው ስም የመጣው በኔፕልስ ከተማ ከነበሩ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያዎች ነው። ከእነዚህ ቀዳሚው ሳንታ ማሪያ ዲ ሎሬቶ በ1537 የተመሠረተ ሲሆን፣ ልጆቹ ዜማ እየተማሩ በቀብርና በዑደት ላይ እየዘመሩ ለማሳደጊያው ገቢ ያመጡ ነበር። ቃሉም መጠበቂያ ማለት ነው። በኔፕልስም በጋይንትም ዜማን መጠበቅ የድኻን ልጅ ከመጠበቅ ተለይቶ አያውቅም።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ። አሸናፊ ከበደ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆኖ የመራው የአዲስ አበባው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የያሬድን ስም ይዟል፤ በዚያ የሚሰጠው የድምፅ ትምህርት ግን በአመዛኙ በመስመር ኖታ የሚመራ ነው። ድጓ በማተሚያ ቤት ታትሟል። በርናር ቬላ ምዕራፍንና ጾመ ድጓን ከ1966 ጀምሮ በፓሪስ አሳትሟል። የየኔታን ድምፅ በእጅ ስልክ መቅዳትም ቀላል ሆኗል። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው፤ መቅዳታችንንም መቀጠል አለብን። ከእነዚህ መካከል ግን የተማሪውን ስሕተት ሰምቶ «ተመለስ» የሚለው አንዱም አይደለም። ቅጂው የአንድን ሊቅ የአንድ ቀን ድምፅ ያቆይልናል፤ እኔ ዛሬ የማዜመው ትክክል መሆን አለመሆኑን ሊነግረኝ ግን አይችልም።

ስለዚህ ለእናንተ ለወጣት ተመራማሪዎች የማቀርበው ጥሪ ይህ ነው። ወደ ጋይንት ስትሄዱ ብራናውን ብቻ ፎቶግራፍ አንሥታችሁ አትመለሱ። እርማቱ እንዴት እንደሚካሄድ፣ ክርክር ሲነሣ ማን እንደሚዳኝ፣ ተማሪው ምን በልቶ እንደሚያድር ጻፉ። ወደ ቆማና ወደ አጫብር ሊቃውንትም ሂዱ፤ የእነርሱን የሚሰማ ጆሮ እያነሰ ነውና። ድጓው በመደርደሪያችን ላይ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ማስመስከሪያው ከተዘጋ ግን መጽሐፉን ገልጠን ምልክቱን እያየን፣ ምን እንደሚል የሚነግረን ሰው እናጣለን።