ከቀለም በፊት ካርታ

አዲስ አበባ ውስጥ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ማስታወቂያ ስታነቡ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው የት ላይ ነው? ካሬው ላይ። 175 ካሬ፣ 250 ካሬ፣ 500 ካሬ። ቀጥሎ «ካርታ ያለው» ትመጣለች። ቤቱ የጭቃ ይሁን የብሎኬት፣ ጣሪያው ያፍስስ አያፍስስ፣ መጨረሻ ላይ ከተነገረን ተመስገን ነው። በፊልም የምናየው ፈረንጅ ቤቱን ሊሸጥ ሲነሳ ግድግዳ ይቀባል፣ ሣር ያጭዳል፣ ጠረጴዛው ላይ አበባ ያስቀምጣል። የእኛ ሰው ደግሞ ቁም ሳጥኑን ከፍቶ ከልብሱ ሥር ያስቀመጠውን ፌስታል ያወጣል። ፌስታሉ ውስጥ ካርታ፣ ፕላን፣ የግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ወረቀት አለ። ደላላውም ከሳሎኑ በፊት ይህንን ነው አሳየኝ የሚለው።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? መልሱን ፍለጋ ትንሽ ወደኋላ ሄደን ነበር።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታ የሚገኘው በመታደል ነበር። ንጉሡ ለመኳንንቱ ይሰጣሉ፣ መኳንንቱ ሠራዊታቸውንና አሽከሮቻቸውን በዙሪያቸው ያሰፍራሉ። ራስ መኮንን ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የምንላቸው ስሞች የዚያ ዘመን ቅሪት ናቸው። የተሰጠ መሬት ግን መልሶ ሊወሰድ ይችላል። የከተማው ቦታ የግል ሀብት ሆኖ ሊሸጥና ሊለወጥ እንደሚችል በሕግ የታወቀው በ1900 ዓ.ም. ግድም ምኒልክ ባወጡት የመሬት ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ ለስድሳ ዓመት ከምናምን መሬት በአዲስ አበባ እንደማንኛውም ንብረት ተገዝቶ ተሸጧል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ውሉም ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ዘንድ እንዲመዘገብ አዘዘ። ይህችን የመዝገብ ነገር ያዙልን፤ በኋላ ትመጣለች።

ከዚያ 1967 መጣ። የገጠሩ መሬት በየካቲት ሲታወጅ የከተማው ሰው ሰልፍ ወጥቶ ጨፈረ። በሐምሌ ደግሞ ተራው የራሱ ሆነ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለዚያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲይዝ ተፈቀደለት። የቀረው «ትርፍ ቤት» ተባለ። (ቤት እንዴት ትርፍ ይሆናል ብላችሁ ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ግማሹ «የድሀው እንባ ታበሰ» ይላችኋል፣ ግማሹ ዝም ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።) ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች ገቡ። የቀበሌ ቤት የምንለው ነገር የተወለደው ያኔ ነው። በዓመቱ፣ በ1968፣ ሌላ አዋጅ ወጣና የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ለየብቻ ተቆረጡ፤ እናቶቻችን ዛሬም «ጣሪያና ግድግዳ» እያሉ የሚጠሩት ግብር መሆኑ ነው።

የእኛ ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለናል። አዋጁ ቤትን ከመሬቱ ለየው። ግድግዳው የአንተ፣ ግድግዳው የቆመበት አፈር የመንግሥት። ደርግ ወድቆ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ይህንኑ አጸና፤ መሬት አይሸጥም አይለወጥም። እንግዲህ በሕጉ መሠረት አንድ የአዲስ አበባ ሰው ሲሸጥ የሚሸጠው ጣሪያውንና ግድግዳውን ነው። ገበያው ግን ይህን አልሰማም። ቂርቆስ ወይም ካዛንቺስ ዘመም ብሎ የቆመ የጭቃ ቤት በሚሊዮኖች ሲጠራ ገዢው ጭቃውን ወዶት ነው የሚል ይኖራል? ገዢው ቤቱን ገዝቶ በማግስቱ ያፈርሰዋል። ሕጉ የሚያውቀው ንብረት ገበያው የሚጥለው ነው፤ ገበያው የሚገዛውን ደግሞ ሕጉ የሚሸጥ ነገር ብሎ አያውቀውም። ታዲያ ማን ሞኝ ነው ሊፈርስ ላለ ግድግዳ ቀለም የሚገዛ?

በሁለቱ መካከል ያለችው ድልድይ ካርታ ናት። መሬቱን የመጠቀም መብት የሚተላለፈው በእሷ ላይ ያለው ስም ሲዞር ነው። «ስም ማዞር» የሚለው አማርኛችን ራሱ ይናገራል፤ የሚዞረው ስም ነው። ስለዚህ ሻጭ ቤቱን አዘጋጀ ማለት ስሙን ለመዞር አዘጋጀ ማለት ነው። የግብር ውዝፉን ይከፍላል። እዳና እገዳ እንደሌለበት ማስረጃ ያወጣል። በካርታው ላይ 200 ካሬ ተብሎ አጥሩ 230 ከያዘ ሠላሳዋ ካሬ ከየት መጣች የሚለውን ጥያቄ ቀድሞ ያስባል። ካርታ ከሌለውማ ዝግጅቱ ዓመታት ሊፈጅ ይችላል።

በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ነገሩን አንድ እርምጃ ወሰደው፤ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በማናቸውም መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ደነገገ። ልጅ ቢወርስ እንደ ነባሩ ይቀጥላል፣ ጎረቤት ቢገዛ ሊዝ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ገዢ ዋጋ ሲደራደር ከሻጩ ጋር ብቻ አይደለም የሚደራደረው፤ ቀጥሎ የሚመጣበትን ክፍያም እያሰላ ነው።

አሁን ወደዚያች መዝገብ እንመለስ። ሰዉ ለዘመናት ቤት የሸጠው በመንደር ውል ነው፤ ሦስት ምስክር፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ ቡና። በ1999 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የቤት ሽያጭ ውል ውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ አይጸናም ብሎ ሲወስን ያ ቡና ዋጋ አጣ። ችሎቱ በኋላ ሻጩ ውሉን ካመነ በምዝገባ ጉድለት ብቻ ማፍረስ አይቻልም ወደሚል ቢለሳለስም፣ የካደ ሻጭና ባዶ እጁን የቀረ ገዢ በየፍርድ ቤቱ ደጅ መታየታቸው አልቀረም። በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ውሳኔ በሕጉ ፊደል ልክ ነበር፤ ጉዳቱን የተሸከመው ግን ፊደሉን ያላነበበው ሰው ነው።

ኮንዶሚኒየሙ ላይም ያው ታሪክ በሌላ ልብስ ተደገመ። እጣ የደረሰው ሰው ለአምስት ዓመት መሸጥ አይችልም ተባለ። ገንዘብ የቸገረው ግን አምስት ዓመት አይጠብቅም፤ በውክልና ሸጠ፣ በብድር ውል ሸፍኖ ሸጠ። ውክልና ደግሞ ከሰጪው ጋር ይሞታል። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ በሩን አንኳኩተው «ይህ የአባታችን ቤት ነው» ይላሉ፤ ገዢው ከፍሏል፣ ካርታው ላይ ግን ስሙ የለም።

ዛሬ ከሁሉ የሚከብደው ዝግጅት ወላጆች ያለፉበት ቤት ነው። ልጆቹ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሄደው የወራሽነት ማስረጃ ያወጣሉ። ካርታው በእናት ስም ከሆነ የአባት ድርሻ ይጣራል፤ በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ ቤት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት አይሸጥም። ያገባ የጋብቻ ማስረጃ፣ ያላገባ ያላገባበትን ማስረጃ ይዞ ይቀርባል። ከአራቱ ልጆች አንዷ ዋሽንግተን ናት እንበል። ኤምባሲ ሄዳ ተሰልፋ፣ ውክልና ሰጥታ፣ ወረቀቱ በውጭ ጉዳይ በኩል ተረጋግጦ አዲስ አበባ ይደርሳል። ገዢው ቀብድ ሊከፍል ተዘጋጅቷል፣ ወንድሞቿ ቀጠሮ ይዘዋል። ውል አዋዋዩ ወረቀቱን ዝቅ ብሎ ያነበዋል። «ማስተዳደር፣ ማከራየት፣ ግብር መክፈል» ይላል። «መሸጥ፣ መለወጥ» አይልም። ሕጉ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ወረቀቱ ይመለሳል፣ እህትም እንደገና ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ኤምባሲ ትሰለፋለች፣ ቤቱም በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ክረምት እንደ ድሮው ያፈስሳል።