የመስከረም 1 ምሽት ፊልም

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ስለ ወሎ ረሃብ የተሠራ ፊልም አሳየ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እንዲመለከቱት የወታደሮቹ ኮሚቴ ደርግ አዟቸው ነበር። በማግስቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ሁለቱ ነገሮች እንዲህ በመከታተላቸው ንጉሡን ፊልሙ የጣላቸው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። መዝገቡ ግን ይህን አያሳይም። የነገሌ ጦር ያመፀው በጥር፣ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ የወደቀው በየካቲት፣ ደርግ የተቋቋመው ደግሞ ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። ፊልሙ የደረሰው ሥልጣኑ ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነበር።

ለዚህ ፊልም መነሻ የሆነው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ሥራ ሲሆን ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በብሪታንያ ታይቷል። ከእርሱ በፊትም የረሃቡ ወሬ አገር ውስጥ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በግቢው አሳይተዋል። ደርግ የዲምብልቢን ፊልም ወስዶ በረሃብተኞቹ ምስሎች መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። ምስሎቹ ሁሉ እውነተኛ ናቸው። ፍርዱን የሰጠው አሰላለፋቸው ነው፤ ተመልካቹ የወሎ ሰው ለምን እንደሞተ ሳይሆን ማን እንደገደለው ተነገረው።

ለምን የሚለውን በ1981 እ.ኤ.አ. በታተመ መጽሐፉ የመረመረው የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ነው። እንደ ሴን ጥናት፣ በረሃቡ ዓመት በ1965 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ብዙ አልቀነሰም፤ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው እምብዛም አልራቀም፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ማሳው የደረቀበት ገበሬና ጢሰኛ፣ ከብቱ ያለቀበት የአፋር አርብቶ አደር የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረውም። የዚህ ረሃብ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ገበያ አጠገቡ እያለ የሚራብ ሰው በካሜራ ፊት ድርቅ ከመታው ሰው አይለይም፤ ልዩነቱ የሚታየው በዋጋ ዝርዝርና በጭነት መዝገብ ነው።

መስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድግስ አከበረ። ሰሜኑ በዚያው ወር እየተራበ ነበር። ከበዓሉ በፊት ስለ ረሃቡ ማውራት አልተፈለገም። ጥቅምት 13 ቀን የጋዜጠኛው የማይክል በርክ ዘገባ በመሐመድ አሚን ካሜራ የተቀረፀችውን፣ ረሃብተኞች የተሰበሰቡባትን ኮረምን በቢቢሲ ለዓለም አሳየ። ያንን የመስከረም ፊልም ያቀነባበረው መንግሥት ንጉሡን የከሰሰበትን ዝምታ ራሱ ደገመው። ይህን ሳነብ እጅግ ያንገበግበኛል፤ ፊልሙ ጥፋቱን በአንድ ሽማግሌ ላይ ስለደመደመው፣ እርሳቸው ሲሄዱ ጥያቄውም አብሮ ተዘጋ። ወሬ ለመንግሥት የሚደርስበትን መንገድ ማን እንደዘጋው፣ የበታች ሹም እውነቱን ቢጽፍ ምን እንደሚደርስበት ፊልሙ አልጠየቀም።

የሴን መጽሐፍም ለ1977ቱ ብቻውን አይበቃም። በዚያ ጊዜ በትግራይና በሰሜን ወሎ ጦርነት ነበር፤ የመንግሥት ዘመቻ ገበያ ይበትን፣ መንገድ ይዘጋ ነበር። የ1965ቱን ረሃብ በሚገባ ያጠና ሰው ለ1977ቱ መልሱን አያገኝም፤ የት ሄዶ መጠየቅ እንዳለበት ግን ያውቃል፦ ገበያውን፣ መንገዱን፣ ሪፖርቱ የቆመበትን ጠረጴዛ።