ሀ ሁ ሳጥን በነበረበት ዘመን

ጎንደር ፒያሳን የማያውቅ አንባቢ ካለ በአጭሩ እናስተዋውቀው። ከፋሲል ግቢ ብዙም የማይርቅ፣ ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ከተማዋን ይዞ በቆየባቸው ዓመታት የሠራቸው ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱን ጨምሮ፣ የቆሙበት ሰፈር ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጣሊያን በ1941 መጨረሻ እጁን ሰጥቶ ወጣ። «ፒያሳ» የሚለው ስም ግን ቀረ። ዛሬ «ፒያሳ እንገናኝ» ሲል ጣሊያንን የሚያስብ የጎንደር ልጅ ያለ አይመስለንም። ሌላው የጫነብንን ሁሉ አራግፈን አልጣልንም፤ አንዳንዱን የራሳችን አድርገነዋል።

የዛሬው ወሬያችን ግን ስለ ሕንፃ አይደለም። በዚያው ፒያሳ፣ አንድ መስታወት ያለው ጠረጴዛና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ይዘው ስለሚሠሩ የሞባይል ጠጋኞች፣ በተለይም «ሩት ማድረግ» ስለሚባለው ሥራቸው ነው። ብዙዎቻችን ነገሩን የጌም ማጭበርበሪያ አድርገን እናስታውሰዋለን። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ በአገራችን ስልክ የመክፈት ታሪክ የፊደላችን ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ስልክ ስንገዛ ዕቃው የኛ ይሆናል፤ የውስጡ ቁልፍ ግን አምራቹ ጋ ይቀራል። አንድሮይድ የቆመው በሊኑክስ ላይ ነው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁሉን ማየት፣ ሁሉን መለወጥና ሁሉን መደምሰስ የሚችለው ተጠቃሚ «ሩት» ይባላል። ከፋብሪካ የወጣ ስልክ ይህን ሥልጣን ለባለቤቱ አይሰጥም። በገዛ ቤታችን እንግዳ ሆነን ሳሎን እንቀመጣለን፣ ጓዳ ግን አንገባም። ሩት ማድረግ የጓዳውን ቁልፍ መያዝ ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ የተገኘበት መንገድ ደግሞ የሚያስቅ ነው። የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ ጂ ዋን በ2008 መገባደጃ ለገበያ ሲወጣ አንድ ስህተት ይዞ ነበር። ባለቤቱ የሚጽፈው ሁሉ ከጀርባ እንደ ትእዛዝ ይነበብ ነበር፣ ያውም በሩት ሥልጣን። አንድ ሰው ከፍቅረኛው ጋር ሲጻጻፍ «ሪቡት» የሚለውን ቃል ጻፈ፣ ስልኩም ታዛዥ ነውና ጠፍቶ ተነሳ! ጉግል ስህተቱን ወዲያው ደፈነው። ተጠቃሚዎች ምን አደረጉ? ስልካቸውን ወደ አሮጌው ሶፍትዌር መልሰው በዚያችው ቀዳዳ ገቡ። ስለዚህ መክፈትና መመለስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው የኖሩ ሙያዎች ናቸው።

እኛ ለምን ከፈትን?

ፈረንጆቹ የሚከፍቱት ስልኩ እንዲፈጥን፣ እንዲያምር፣ የማይፈልጉት አፕ እንዲጠፋ ነበር። የኛ ምክንያት ሌላ ነበር፤ ማንበብ አልቻልንም።

ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አይነበብም፤ ቁጥሩን ወደ ቅርጽ የሚለውጥ ፎንት በመሣሪያው ውስጥ መኖር አለበት። ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 «ኒያላ» የተባለውን ፎንት ይዞ መጣ። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይዶች ግን ለኛ ፊደል የሚሆን ፎንት አልነበራቸውም። የፌስቡክ ወዳጃችን በአማርኛ የጻፈው ለቅሶም ይሁን ሰርግ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ የሳጥን ሰልፍ ነበር። ስንት ዘመን ብራና ሲጻፍበት በኖረ ከተማ ተቀምጠን «ሀ»ን ማየት አቃተን።

የመጀመሪያው መላ ኦፔራ ሚኒ ነበር። በአድራሻው ቦታ «ኦፔራ ኮንፊግ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፍና አንዲት መስመር «የስ» ትደረጋለች። ከዚያ የኦፔራ ኮምፒውተር ፊደሉን እንደ ሥዕል አድርጎ ይልካል፣ ስልኩም ሥዕሉን ያሳያል። ይህን ያልተማረና ለሌላ ያላስተማረ የዚያ ዘመን ወጣት ጥቂት ነው። ችግሩ መላው የሚሠራው በኦፔራ ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው። የጽሑፍ መልእክቱ፣ የስም ዝርዝሩ፣ ሌላው አፕ ሁሉ ያው ሳጥን ነው።

ሁለተኛው መላ ሩት ነበር። ጠጋኙ ስልኩን ይከፍታል፣ የሥርዓቱ ፎንቶች ከሚቀመጡበት ፎልደር አንዱን ፎንት የግዕዝ ፊደል ባለው ይተካል፣ የፋይሉን ፈቃድ ያስተካክላል፣ ስልኩን አጥፍቶ ያበራል። ተከናወነ! የእናታችን ስም በስልካችን ላይ በገዛ ፊደሉ ተጽፎ ያየነው ያን ዕለት ነው። ነገሩን ቀላል የሚያደርግ ሰው ካለ፣ ስሙ ሳጥን ሆኖበት የማያውቅ ሰው ነው።

አምራቾቹ በኋላ ነቁ። በ2010ዎቹ የወጡ አዳዲስ አንድሮይዶች ፊደላችንን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ስልክ የሚገጣጥመው ቴክኖም አማርኛን መሸጫው አደረገው። ጉግል ያዘጋጀውን ትልቅ የፎንት ስብስብ «ኖቶ» ብሎ ሰየመው። «ኖ ቶፉ» ማለት ነው፤ ያችን ባዶ ሳጥን ፈረንጆቹ «ቶፉ» ይሏታልና። የኩባንያው መፍትሔ እስኪመጣ ግን ሳጥኑን በየሠፈሩ ሲፈቱ የቆዩት ጠጋኞቻችን ነበሩ።

የወንጪ ልጆች

ከፒያሳ ወጣ ብለን ወደ ሸዋ እንሂድ፤ በአገራችን አንድሮይድን የመክፈት ወሬ ሲነሳ ዓለም የሚያውቀው የወንጪን ነውና። በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት የሞቶሮላ ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀመጠላቸው፤ አስተማሪም መመሪያም አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገረው፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ማብሪያውን አገኘ። በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተዘጋውን ካሜራ አስከፈቱ፣ እንዳይነካ የተቆለፈውን ገጽታም እያንዳንዳቸው እንደ ፍላጎታቸው ለወጡት። «የኢትዮጵያ ልጆች አንድሮይድን ሰበሩ» ተብሎ በዓለም ተዳረሰ።

እንደ ሙያው ከሆነ ይህ ሩት አይባልም፤ የተዘጋ ቅንብርን መክፈት ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ልጆቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ የዘመሩት ኤ ቢ ሲ ዲን ነበር፣ ፕሮግራሙ እንግሊዝኛ ለማስተማር ተዘጋጅቷልና። መቆለፊያውን የከፈቱ ጣቶች «ሀ ሁ»ን እዚያ ውስጥ አላገኙም። መሣሪያን መክፈት አንድ ነገር ነው፣ በውስጡ የራስን ነገር ማግኘት ሌላ ነው። የፒያሳ ጠጋኝ የሠራው ሁለተኛውን ነበር።

መመለስ የማያውቅ አይክፈት

እኛም ከመካከላችን በአንዱ ስልክ ተምረናል። «ጠጋኝ ለምን እንከፍላለን?» ብለን ለሌላ ሞዴል የተዘጋጀ ሶፍትዌር ጫንን። ስልኩ ሞተ። መብራት የለ፣ ድምፅ የለ፣ ንዝረት የለ። ወንድማችን የዘመዶቹን ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር ያስቀመጠው። በመጨረሻ ወደ ፒያሳ ወሰድነው። ጠጋኙ የስልኩን ኦርጅናል ሶፍትዌር ፈልጎ በሁለተኛው ቀን አስነሳው። ስልኩ ተመለሰ፣ ፎቶዎቹ ግን አልተመለሱም። ጠጋኙ አልተቆጣንም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፦ «ከመንካታችሁ በፊት ኮፒ አላስቀራችሁም?» መልስ አልነበረንም።

አንዳንዱ መክፈት ጭራሽ አይመለስም። ሳምሰንግ ከ2013 ወዲህ በብዙ ስልኮቹ ውስጥ የማይታደስ ምልክት አስቀምጧል። ያልተፈቀደ ሶፍትዌር አንዴ ከተጫነ ምልክቱ ይቃጠላል፣ ኦርጅናሉ ቢመለስም ምስክርነቱ ይቀራል። ዛሬ ደግሞ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ነው። በርካታ የባንክ አፖች ሩት የተደረገ ስልክ ላይ አንሠራም ይላሉ፣ ምክንያትም አላቸው፤ ለኛ የተከፈተ ጓዳ ለሌባም የተከፈተ ነውና።

ታዲያ ዛሬ ሩት አድርጉ እያልን ነው? አይደለም። ፊደሉ ከፋብሪካ ይመጣል፣ ሳጥኑ ጠፍቷል፣ ለብዙዎቻችን ምክንያቱም አብሮ ጠፍቷል። የምንለው ሌላ ነው። ፊደላችን በስልካችን ላይ በራሱ ጊዜ የበቀለ ነገር አይደለም። በዩኒኮድ መዝገብ እንዲገባ የለፉ ባለሙያዎች አሉ፣ ፎንቱን በነፃ የሠሩ አሉ፣ በየከተማው ፒያሳ ቁጭ ብለው አንድ በአንድ የጫኑ ልጆችም አሉ። የመጀመሪያዎቹ ስም በታሪክ ይጻፋል። የኋለኞቹ ግን ሥራቸውን በስልኩ ውስጥ ትተው፣ «ቀጣይ!» ብለው ወደ ሌላው ደንበኛ ዞረዋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ፒያሳ ስታልፉ ጠጋኙን ሰላም በሉት። ስልክ ከሰጣችሁት ደግሞ መጀመሪያ ኮፒ አስቀሩ።