ማዕዶታዊ ስብ

አውሮፓውያን «ትራንስ ፋት» የሚሉት፣ በእኛም የሕክምና ጽሑፎች ባዕድ ስሙን እንደ ያዘ የሚመላለሰው የስብ ዓይነት፣ በአማርኛ «ማዕዶታዊ ስብ» ቢባል የተገባ ይመስለኛል። «ትራንስ» በላቲን ማዶ ማለት ሲሆን፣ ግእዙም ከዮርዳኖስ ወዲያ ያለውን አገር «ማዕዶተ ዮርዳኖስ» ይለዋልና። ስሙም ከነገሩ ባሕርይ ጋር ይስማማል። በፈሳሽ ዘይት ውስጥ ሁለት የካርቦን አተሞች በድርብ ማሠሪያ በተያያዙበት ስፍራ፣ እንደ ተፈጥሮ ልማድ ሁለቱ የሃይድሮጅን አተሞች በአንድ ወገን ስለሚቆሙ ሰንሰለቱ ይጎብጣል፤ ጎባጣም ስለ ሆነ ከመሰሎቹ ጋር ተጠጋግቶ መርጋት አይሆንለትም። በማዕዶታዊው ስብ ግን አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ማዶ ስለሚቆሙ ሰንሰለቱ ይቃናል፤ የተቃኑትም እንደ ተደረደረ ጭራሮ ተጠጋግተው ይረጋሉ።

ከላምና ከበግ ሆድ ዕቃ ረቂቃን ተሕዋስያን የተነሣ በወተትና በቅቤ ውስጥ ጥቂት ማዕዶታዊ ስብ ይገኛል፤ የዓለም ሊቃውንት ከምግብ ይወገድ የሚሉት ግን በፋብሪካ የሚወለደውን ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዊልሄልም ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1902 በፈሳሽ ዘይት ላይ ሃይድሮጅን እየጨመሩ ማርጋትን በፈጠራ መብት ካስመዘገበ ወዲህ፣ ዋጋው የረከሰና ቶሎ የማይበላሽ ስብ ስለ ተገኘ፣ በማርጋሪንና በብስኩት አድርጎ ወደ ብዙ ቤት ገባ፤ ሃይድሮጅኑ በከፊል ብቻ ሲጨመር ማዕዶታዊ ስብ እንደሚበዛበት፣ ልብንም እንደሚጎዳ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1990 የሆላንድ ተመራማሪዎች ሜንሲንክና ካታን ይህ ስብ ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ደግሞ ዝቅ እንደሚያደርግ አሳዩ፤ ልብን የሚመግቡት የደም ሥሮች የሚጠብቡትም እንዲህ ባለው መንገድ ነው።

የረጋ ሁሉ ማዕዶታዊ ነው ማለት ግን አይደለም፤ በአገራችን «የሚረጋ ዘይት» የሚባለው የፓልም ዘይት ሃይድሮጅን ሳይጨመርበት በራሱ ባሕርይ የሚረጋ ነውና፣ ነቀፋ ቢኖርበት በሌላ መንገድ ነው።

ማዕዶታዊ ስብ መልክም ጣዕምም አያስታውቀውምና፣ ጥንቃቄውን ለበላተኛው ብቻ መተው ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ድንጋጌ ያስፈልገዋል ብዬ በጽኑ አምናለሁ። ዴንማርክ በ2003 ከ100 ግራም ስብ ውስጥ ማዕዶታዊው ከ2 ግራም እንዳይበልጥ ስትደነግግ ከአገሮች ሁሉ ቀዳሚ ነበረች፤ የምግቡ ንግድም አልፈረሰም፣ ፋብሪካዎች ሌላ ዘይት ፈለጉ እንጂ። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2018 መንግሥታት ሁሉ ይህን እንዲከተሉ ጠራ፤ በ2024 መባቻም ዴንማርክ፣ ሊትዌኒያ፣ ፖላንድ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ታይላንድ ይህን ስብ ከምግባቸው ለማስወገዳቸው ከድርጅቱ የመጀመሪያውን ምስክር ወረቀት ተቀበሉ።

ቅቤና ወተት በማይቀመሱበት በጾም ወራት የአትክልት ቅቤና ብስኩት የሚገዛ ምእመን፣ ዕቃው የጾም መሆኑን ብቻ ሳይሆን የተሠራበትንም ያንብብ፤ በማሸጊያው ላይ «በከፊል ሃይድሮጅን የተጨመረበት የአትክልት ዘይት» የሚል ቢገኝ፣ ማዕዶታዊ ስብ የሚገባው በዚህ ነው።