አጥንት ሳይሰበር እንዴት ይመዘናል?

(የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሀደራ በ1891 ስትቆረቆር በናሓል ሀደራ ዙሪያ ያለው መሬት ረግረግ ነበር። ከመሥራቾቿ ብዙዎቹ በወባ አልቀዋል። በሽታውን የምታስተላልፈው ትንኝ መሆኗ እስኪታወቅ ድረስ ሰው የሚወቅሰው መጥፎውን አየር ነበር። በወባ ላይ የዘመቱት ሐኪም የዶክተር ሂሌል ያፌ ስም ዛሬ የከተማችን ሆስፒታል መጠሪያ ነው።

ዛሬ የምናወጋችሁም ምክንያቱ ለብዙ ዘመን ስላልታወቀ ሌላ በሽታ፣ ስለ አጥንት መሳሳት ነው። እናታችሁ ቁመታቸው ሲያጥር፣ ጀርባቸው ሲጎብጥ «እርጅና ነው» ብላችሁ አልፋችሁ ይሆናል። ሐኪሞችም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይሉ ነበር። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ግን የቦስተኑ ሐኪም ፉለር ኦልብራይት የወር አበባ ሲቋረጥ የሚመጣው የሆርሞን መቀነስ የሴቶችን አጥንት እንደሚያሳሳ አስረዱ።

የቀረው መለኪያ ማግኘት ነበር። ተራ ራጅ መሳሳቱን በግልጽ የሚያሳየው ከአጥንቱ ማዕድን ሲሶ ያህሉ ካለቀ በኋላ ነው። በ1963 በአሜሪካ ካሜሮንና ሶረንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በክንድ አጥንት ጨረር አሳልፈው፣ አጥንቱ ምን ያህሉን እንዳስቀረ በማየት ማዕድኑን ለኩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ዳሌንና አከርካሪን በአነስተኛ ጨረር የሚለካው የዛሬው መሣሪያ መጣ። በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን አወጣ። ዜሮ የጤናማ ወጣት ሴቶች አማካይ ሲሆን፣ ከዜሮ በታች 2.5 ወይም ከዚያም የወረደ ውጤት የአጥንት መሳሳት ይባላል።

ሆኖም ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። ውጤታቸው ከወሰኑ በላይ ሆኖ የሚሰበሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ በ2008 ከእንግሊዝ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው «ፍራክስ» የተባለ ስሌት ዕድሜን፣ የቀድሞ ስብራትን፣ የወላጅን የዳሌ ስብራት፣ ማጨስንና አንዳንድ መድኃኒቶችን አብሮ ይቆጥራል።

ይህ እኛን በምን ይመለከተናል? በ1984-85 እና በ1991 ከመጡት ወገኖቻችን በኋላ፣ የእስራኤል ሐኪሞች በኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች፣ በተለይም በነፍሰ ጡሮችና በሚያጠቡ እናቶች ላይ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት አገኙ። ይህም ጥናት በ1995 ታትሟል። ቫይታሚን ዲ ካልሲየም ወደ አጥንት እንዲገባ ይረዳል፤ ሰውነታችን የሚሠራውም ከፀሐይ ነው። ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ይፈልጋል። በገጠር ውኃ ስትቀዱ፣ እንጨት ስትለቅሙ ፀሐዩም ነበረ፣ ሸክሙም አጥንትን ያጠነክር ነበር። እዚህ ግን ኑሮው በአፓርታማ ውስጥ ነው።

ስለዚህ እናታችሁ በትንሽ ውድቀት የእጅ አንጓቸው ተሰብሮ ከሆነ፣ ቁመታቸው ካጠረ ወይም ጀርባቸው ከጎበጠ ዝም አትበሉ። ኩፓት ሆሊም ሄዳችሁ የቤተሰብ ሐኪሙን ስለ «ብዲካት ጽፊፉት ዔጼም»፣ ማለትም ስለ አጥንት ምርመራ ጠይቁ። ምርመራው አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ጋደም ማለት ብቻ ነው። የቫይታሚን ዲ የደም ምርመራም እንደሚያስፈልግ ጠይቁ። ዕብራይስጡ ቢያስቸግር ልጅ ወይም ጎረቤት ይከተላችሁ። አረጋውያን ሕመማቸውን አምቀው መያዝ ልማዳቸው ነውና፣ ጠያቂው እናንተ ሁኑ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን።