ሁመር፦ ከቆላ ዛፍ እስከ መድኃኒት መደርደሪያ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው ጎዳና ላይ የምትገኘው ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ መሬቱ ወደ አፋር እያዘቀዘቀ የሚሄድበት ቆላ፣ በአማርኛ ሁመር፣ በኦሮምኛ ሮቃ ለሚባለው ዛፍ የሚስማማ አገር ነው። ፍሬው እንደ ባቄላ በቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ቡናማና ኮምጣጣ ሥጋ በውሃ ተዘፍዝፎ፣ ታሽቶና ተጠልሎ ይጠጣል።

ዐረቦች ፍሬውን ከቴምር ጋር በማመሳሰል «ተምር ሂንዲ»፣ የሕንድ ቴምር አሉት። ሊኔየስም እ.ኤ.አ. በ1753 «ታማሪንደስ ኢንዲካ» ብሎ ሲሰይመው ሕንድን ሁለት ጊዜ ጠራ። ዳሩ ግን የዕፅዋት ሊቃውንት የዛፉ የትውልድ ስፍራ አፍሪካ እንደሆነ ያምናሉ። የአማርኛው መጠሪያ «ሁመር» በየመን ከሚነገረው «ሑመር» ጋር አንድ መሆኑ ደግሞ የቀይ ባሕርን የቆየ ግንኙነት ያስታውሳል።

ኢብን ሲና በ11ኛው መቶ ዘመን በጻፈው «አል-ቃኑን» ውስጥ ሁመር ከመድኃኒቶች ተርታ ተመዝግቧል። በ19ኛው መቶ ዘመን የብሪታንያ ፋርማኮፒያም ከሰናመኪ ጋር ተቀላቅሎ ለሆድ ድርቀት የሚሰጥ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል። ሆድ የሚያለዝበው በአብዛኛው በታርታሪክ አሲዱ ነው፤ አሲዱ ከአንጀት የሚመጠጠው በከፊል ብቻ ነውና። ኮምጣጣ በመሆኑ በቫይታሚን ሲ የበለጸገ የሚመስለው ብዙ ቢሆንም፣ በ100 ግራም ሥጋው የሚገኘው ከ3 እስከ 4 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። በሎሚ ውስጥ 50 ገደማ ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የሕንድ ጥናት፣ በቀን 10 ግራም ሁመር ለ18 ቀናት የተመገቡ ልጆች በሽንታቸው የሚያስወግዱት ፍሎራይድ መጨመሩን አሳይቷል። የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ለበዛበት የስምጥ ሸለቆአችን ጉዳዩ እንግዳ አይደለም፤ ውሃውን ከማጣራት ግን አያድንም።

ለሐኪም ይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ የናይጄሪያ ጥናት፣ ሁመር ካለበት ምግብ ጋር አስፒሪን በወሰዱ ጤነኛ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የመድኃኒቱ መጠን በጉልህ ከፍ ማለቱን ገልጿል፤ በኋላም በአይቡፕሮፌን ላይ ተመሳሳይ ውጤት ታይቷል። በ100 ግራም ውስጥ ከ600 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም መኖሩም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ቀላል ነገር አይደለም። ሕሙማን ግን ካልተጠየቁ ሁመር መጠጣታቸውን አይናገሩም፤ ለእነርሱ መድኃኒት ሳይሆን ምግብ ነውና።